ለሁሉም የተከፈተው ሰርቨር

ዱረቲ አምቦ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነበረች። በ2005 ዓ.ም. ኮሌጁ አዲስ መስመር ሲያስገባ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ፐብሊክ አድራሻ ተሰጣቸው፤ ከየትም አገር የሚታይ አድራሻ ማለት ነው። ኢንተርኔቱን የሚያሳልፈው ፕሮክሲ ሰርቨር ግን የሚያውቀው የድሮዎቹን የውስጥ አድራሻዎች ብቻ ነበርና አዲሶቹን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ዘጋባቸው። ተማሪዎች በር እየደበደቡ ጮሁ። ዲኑ ኦቦ ሌታ ደወሉላት።

«ዱረቲ፣ ዛሬውኑ ይከፈት። እንዴት አድርገሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም።»

የኮሌጁን አድራሻዎች ለይታ እነሱን ብቻ መፍቀድ ነበረባት። ቸኮለችና «ለሁሉም ፍቀድ» የሚል ትእዛዝ አስገባች። ኢንተርኔቱ ሠራ። ነገ አስተካክለዋለሁ ስትል እናቷ እጃጂ ከተማ ታመው ተጠራች፤ እዚያው ሰነበተች።

ስትመለስ የኮምፒውተር ክፍሉ ደጃፍ ላይ ታርጋ የሌለው መኪና ቆሟል። ውስጥ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ባልደረባዋን ቀነዓን ወለሉ ላይ አስተኝተው በኔትወርክ ገመድ ይገርፉታል። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተቀዶ በደም ተጣብቋል። ለአንድ ባለሥልጣን በኢንተርኔት የግድያ ዛቻ ተልኮ ነበር፤ የመጣውም ከኮሌጁ አድራሻ ነው።

«ማን ነው የጻፈው?» አለ ረጅሙ።

ቀነዓ ፊቱን ወለሉ ላይ ደፋ። ሰውየው ቀኝ እጁን በጫማው ረገጠና ተረከዙን አዞረበት። አጥንቱ ሲሰበር ዱረቲ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

«ማሎ፣ እባካችሁ ተዉት» አለች። «ሰርቨሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ረጅሙ በጥፊ ሲላት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደቀች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«ዛቻውን የጻፍሽው አንቺ ነሻ?»

«አይደለሁም። ማን እንደጻፈው አላውቅም። ግን ለሁሉም ከፍቼዋለሁ። የትም ያለ ሰው በዚህ ሰርቨር ሲያልፍ የሚታየው የኛ አድራሻ ነው። አዲስ አበባ የምታውቁት ሰው ካለ ደውሉለት፤ ላሳያችሁ።»

አጭሩ ደወለ። ዱረቲ ደሟን እየዋጠች በስልኩ ውስጥ ላለው ሰው በሰርቨሩ እንዲያልፍ ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንደሚሞላ ነገረችው። ሰውየው አዲስ አበባ ቢሮው ተቀምጦ አሁን የራሱ ኮምፒውተር አድራሻ ሆኖ የሚታየውን ቁጥር አነበበ። ዛቻው የመጣበት ያው ቁጥር ነበር።

ረጅሙ ስልኩን ከአጭሩ ተቀብሎ ዘጋው። ከዚያ ሰርቨሩን ከመደርደሪያው ጎትቶ ጣለው፤ በብረት ወንበር ደጋግሞ መታው፤ ስብርባሪው እግራቸው ሥር ተበተነ። ይቅርታ ሳይሉ ወጥተው ሄዱ።

ዱረቲ ቀነዓን ደግፋ ባጃጅ ላይ አወጣችው።

«እኔ እንደከፈትኩት ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርካቸውም?»

«እጃጂ ድረስ ይሄዱ ነበር» አላት። «በሽተኛ ፊት ይደበድቡሽ ነበር።»

ዛቻውን የላከው ሰው አልታወቀም። የቀነዓ ጣቶች ግን አልተቃኑም፤ ሥራውን ትቶ ጉደር ከተማ ሱቅ ከፈተ። ዱረቲ እየሄደች ትጠይቀዋለች። እሱ ስቆ ይቀበላታል። ሚስቱ አረጋሽ ግን ወንበር ታቀርብላትና ፊቷን ሳታያት ወደ ጓዳ ትገባለች።