የሌሊት ወፏ ጠበቃ

፩

ወፏ ምንም አላደረገችም።

፪

ከዚህ መጀመሬ ያለምክንያት አይደለም። በእኛ አገር ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው «የሌሊት ወፍ አልፋበት ነው» ይባላል፤ ሕመሙም «የወፍ በሽታ» ነው። አባዬ ጉበቱ ላይ ካንሰር እንዳለ ከተነገረው ወዲህም የሚራገመው እሷኑ ነው። ምስኪን! ጠበቃ እንኳ የላትም። እኔ ቆሜላታለሁ።

፫

የጠበቃዋ ማስረጃ፦

ልጆች ሳለን አባዬ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤታችን አለቃ ስንሻው ክንዱን በምላጭ በጣ በጣ አድርገው ቅጠል አሹበት። ተሻለው። ደስታውን አልቻለውም፤ «ልጆቼንም ወፏ እንዳትደርስባቸው!» ብሎ እኔንና ወንድሜን አንማውን እዚያው አሰለፈን።

ምላጩ ያው ነበር።

፬

ሐኪሙ ስለ ጉበት ካንሰር ሲያወራ የጂኦግራፊ አስተማሪ ይመስላል።

«እንደ አገሩ ነው» አለኝ። «ለውዝና በቆሎ በሚሻግትበት ሻጋታው፣ መጠጥ በሚበዛበት መጠጡ ይብሳል። በእኛ በኩል ብዙውን ጊዜ በደም የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ የአባትሽም እሱው ነው። አሁን ደግሞ ሕፃናት ሲከተቡ ቫይረሱ ፈቀቅ እያለ፣ ከተማ ውስጥ ውፍረትና ስኳር ተራ እየያዙ ነው።»

ከዚያ የገፋ ሆዴን አየና ጂኦግራፊውን ተወው።

«አንቺም ተመርመሪ። ቫይረሱ ካለብሽ ልጅሽ እንደተወለደ ወዲያው መከተብ አለበት።»

፭

ፈራሁ። (ይህን ቁጥር ባዶ ልተወው አስቤ ነበር።)

አንማው «አንተም ተመርመር» ልለው ስደውልለት «ወፏ አውቶብስ አትሳፈር፤ እኔ ዘንድ ባሕር ዳር ምን አመጣት?» ብሎ አሳቀኝ።

«ምላጩን እያሰብሽ ነው አይደል?» አለኝ።

ሁለታችንም ተመረመርን።

፮

አለብኝ።

አለበት።

፯

አባዬ አልጋው ላይ፣ እኔ እግሩ ሥር። ቃል በቃል፦

እሱ፦ ምን አለሽ ሐኪሙ?

እኔ፦ በሽታው በደሜ አለ፤ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። ሕፃኑ ግን እንደተወለደ ይከተባል።

እሱ፦ ተመስገን! ያቺ ወፍ እንግዲህ ከልጅ ልጄ ደጅ አፍራ ትመለሳለች።

እኔ፦ አፍራ ትመለሳለች።

እሱ፦ (ክንዴ ላይ ያለውን የብጣት ጠባሳ እየዳሰሰ) እኔ እኮ ያኔውኑ አስበጥቼሽ ነበር። ታዲያ አንቺን በየት በኩል አገኘችሽ?

፰

አንባቢዬ፣ ጠበቃዋ ወፏን ነጻ የምታወጣው እዚህ ላይ ነበር። ይህን ግን ባዶ ተውኩት።

እኔ፦