በሰው ጃኬት

ሮስቪታ በረዶ ከለበሰው ጉብታ ጫፍ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ ነበር ቢጫው ጃኬት በአጠገቧ እንደ ጥይት ያለፈው።

"ቀስ በል ኤካርት! ከታች ጉም አለ!" ብላ ጮኸች።

የቤታቸው እንግዳ ኤካርት አልሰማም፤ ቢሰማም የሚሰማ ሰው አልነበረም። ዱላዎቹን በብብቱ ሸጉጦ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ የበረዶ ሸርተቴዎቹን ቁልቁል ለቀቃቸው። ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ሲል ሮስቪታ ከመንሸራተቻው ዳር የቆመች ሴት አየች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ነበር። ቢጫው ጃኬት ከጀርባዋ መጥቶ መታት። እየጮኸች እንደ ጆንያ ተወርውራ ወደቀች። አንደኛው ሸርተቴዋ ከእግሯ ተላቆ ብቻውን ወደ ጥዱ ጫካ ወረደ።

ኤካርት ተንገዳግዶ ቆመ። ዞር ብሎ የወደቀችውን ሴት ተመለከታት። ሮስቪታ መምጣቷን ልታሳውቀው እጇን አነሳች፤ እሱ ግን ወደ ላይ አላየም። ዱላዎቹን በረዶው ላይ ተክሎ ራሱን ገፋና ሄደ።

ሮስቪታ ማመን አቃታት። በጎን በጎኗ እየተንሸራተተች ወርዳ ሴትዮዋ አጠገብ ተንበረከከች። የመንደሩ ዳቦ ሻጭ ቡርጊ ነበረች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል።

"አትንቀሳቀሺ፣ አይዞሽ፣ እኔ ነኝ" አለቻት፤ ጓንቷን አውልቃ ስልኳን እያወጣች።

"ሮስቪታ፣ ባልሽ እኮ ነው!" አለች ቡርጊ ጥርሷን ነክሳ። "አልፎንስ ነው! ዞሮ አየኝ። በዚያ ትልቅ የበረዶ መነጽሩ ውስጥ ሆኖ አፍጥጦ አይቶኝ ትቶኝ ሄደ!"

"አልፎንስ ጉልበቱን አሞት ቤት ተኝቷል፣ ቡርጊ።"

"ጃኬቱን አላውቀውም? በየጠዋቱ ያንን ለብሶ አይደል ከእኔ ዳቦ የሚገዛው? የእናቱን ቀብር የሸኘሁ ሰው ነኝ እኔ! ውሻ እንኳ የመታውን ሰው ቆሞ ያሸታል!"

የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ተጎታች አልጋቸውን ይዘው ሲደርሱ አንደኛው ሮስቪታን "የመታትን ሰው አይተሽዋል?" ብሎ ጠየቃት። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን ዋጠችው። ደንግጦ ይሆናል፣ ታች ወርዶ እርዳታ እየጠራ ይሆናል፣ በራሱ አፍ ይናገር፣ አለች በልቧ። ለሠራተኛው "መጀመሪያ እግሯን እንያዝላት" ብቻ አለችው። ቡርጊን ጠቅልለው ሲወስዷት ከኋላ ከኋላቸው ወረደች። ታች ማንም እርዳታ ሲጠራ አልነበረም። ኤካርትም አልነበረም።

መንገዱን ሁሉ ሸርተቴዋን ትከሻዋ ላይ ተሸክማ በእግሯ ስትሄድ የዘንድሮው ክረምት ፊቷ ላይ ይደቀን ጀመር። እሷና አልፎንስ ይህን የበረዶ ወራት ለዓመታት ሲያልሙት ኖረዋል። በመከር ወር ሮስቪታ ከሊንዝ ሆስፒታል ነርስነቷ ጡረታ ስትወጣ፣ የከተማውን ቤት ዘግተው አልፎንስ ከእናቱ ወደወረሰው የኦበርታን መንደር የእንጨት ቤት መጡ። እስከ ጸደይ ሊከርሙ፣ ጠዋት ሊንሸራተቱ፣ ከሰዓት እሳት ዳር ሊያነቡ፣ ወዳጆቻቸውንም ተራ በተራ ሊጋብዙ። ከሁሉ ቀድመው የመጡት ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው ኤካርትና ሚስቱ ጉንዱላ ናቸው። ለሳምንት ነበር የመጡት። ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ወለደ። ኤካርት መጀመሪያ የአልፎንስን ወንበር ወሰደ፣ ከዚያ የአልፎንስን የወይን ጠርሙሶች፤ ትናንት ደግሞ የራሱ ጃኬት ዚፕ ሲበጠስበት የአልፎንስን ጃኬት። አልፎንስ ሁሉንም ፈገግ ብሎ ሰጠ። ይሉኝታ ከያዘው አጥንቱንም አውጥቶ የሚሰጥ ሰው ነው።

በሩን ስትከፍት የሾርባ ሽታ ተቀበላት። ኤካርት ከአልፎንስ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ናፕኪን አንገቱ ሥር ሸጉጦ፣ ሾርባው ውስጥ ያለውን የዳቦ ድቡልቡል በማንኪያ እየቆረሰ ይበላል። ቢጫው ጃኬት ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ይደርቃል።

"የት ጠፋሽ? ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው" አላት አይኑን በጨው አጥቦ።

"ጉም ስለነበር ነው ቶሎ የተመለስኩት ብሎናል" አለች ጉንዱላ ሳህን እያቀረበችላት። "አንቺ ደግሞ ስትቆዪ ፈራን።"

አልፎንስ የታመመ እግሩን በርጩማ ላይ እንዳደረገ ነበር። "ሮሲ፣ ሩፐርት ከፖሊስ ጣቢያ ደውሎ ነበር" አላት። "ስለ ጃኬቴ ጠየቀኝ። መጥቼ እናወራለን አለ። ምን እንደፈለገ አልገባኝም።"

ሮስቪታ ኮፍያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኤካርት ማንኪያውን አላስቀመጠም።

"አልነገርካቸውም?" አለችው።

"ምኑን?"

"የቡርጊ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከኋላዋ መጥተህ ደፍጥጠሃት፣ ዞረህ አይተሃት፣ ጥለሃት መጥተህ ሾርባ ትበላለህ። እሱን ነው የምልህ!"

ጉንዱላ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ኤካርት አፉን በናፕኪን ጠረገ፤ ቀስ ብሎ፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው። ጠበቃ ነው።

"መሃል መንገድ ላይ ነበር የቆመችው።"

"ዳር ነበረች። አይቻለሁ።"

"የምትነሳ መስሎኝ ነው እሺ? ሰው በረዶ ላይ ይወድቃል፣ ይነሳል። በየቀኑ የምናየው ነው።"

"ጮኻለች ኤካርት! እኔ ላይ ሆኜ ሰምቻታለሁ፣ አንተ አጠገቧ ቆመህ አልሰማህም?"

ኤካርት ወንበሩን ከሮስቪታ መለሰና ወደ አልፎንስ አዞረ። ድምፁ ለሰለሰ።

"ስማኝ፣ የእኔ ወንድም። ሰው ገጭቶ መሄድ ወንጀል ነው። እኔ ላይ ከተመዘገበ የጥብቅና ፈቃዴ አበቃ። አንተ ግን ጡረተኛ ነህ፣ የመንደሩ ልጅ ነህ፣ ሁሉም ይወድሃል። ጉም ነበር፣ ሰው መምታቴን አላወቅኩም ብትል ተግሣጽ ነው የሚሰጡህ። እነሱ እንደሆኑ አንተ ነህ ብለው አምነዋል። ማስተባበል እንኳ አይጠበቅብህም። ዝም በል፣ በቃ።"

ሮስቪታ ጆሮዋን ተጠራጠረች። የአልፎንስን ፊት አየች። ሳቅ ጠበቀች፣ ቁጣ ጠበቀች። አልፎንስ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ በጣቶቹ ያሽ ነበር።

"ከባድ ነገር ነው" አለ አልፎንስ በመጨረሻ።

"ከባድ? 'ከባድ ነገር ነው' ትላለህ? ውጣ አትለውም?"

"ሮሲ፣ እንግዳ ነው…"

"ይህ ቤት ዛሬ የማን ይሆን ነበር?" አለ ኤካርት፣ አሁንም አልፎንስን ብቻ እያየ። "ወንድምህ ሊነጥቅህ ሲከስህ ማን ቆመልህ? ሦስት ክረምት ተመላለስኩ። ሳንቲም ጠየቅኩህ? አልጠየቅኩም። ዛሬም አልጠይቅህም። ዝምታህን ብቻ ነው።"

"ያኔ ለወዳጅህ ቆምክ መስሎን ነበር" አለች ሮስቪታ። "ለካ ዋጋውን የምትጠይቅበት ቀን ቀጥረህ ነው!"

"አንቺ ሁሌም ስሜታዊ ነሽ።"

"ስሜታዊ! ያቺ ሴት ገና ሌሊት ተነስታ ለመንደሩ ሁሉ ዳቦ የምታወጣ ሴት ናት። ከሳምንት አንዴ ነው የምትንሸራተተው። ምን እንደምትል ታውቃለህ? ውሻ እንኳ የመታውን ያሸታል ነው ያለችው፤ ያለችውም ለአልፎንስ ነው። ለባሌ! የአንተን ስድብ ባሌ ይሸከምልህ?"

አልፎንስ ቀና አለ። "ቡርጊ እንዲያ አለች?" ፊቱ ከሰል መሰለ። ሮስቪታ አሁን ይነሳል ብላ ጠበቀች። ግን ወዲያው አይኑን ወደ ጠረጴዛው ልብስ መለሰ። "ቆይቶ እኮ… ጉዳዩ ሲበርድ ለብቻዋ ላስረዳት እችላለሁ።"

በሩ ተንኳኳ።

ኢንስፔክተር ሩፐርት ጫማውን ደፉ ላይ አራግፎ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። የመንደሩ ተወላጅ ነው፤ አልፎንስን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አይኑ ከምድጃው በላይ ወደተሰቀለው ጃኬት ሄዶ ተመለሰ። እንደ ማፈር አለ።

"አቶ ፕላትነር፣ ለምግብ ሰዓት መጣሁባችሁ፣ ይቅርታ። ያ ጃኬት የእርስዎ ነው አይደል?"

"የእኔ ነው።"

"ዛሬ ጠዋት ተራራው ላይ ለብሰውት ነበር?"

አልፎንስ አፉን ከፈተ። ኤካርት የወይን ብርጭቆውን ቀጭን እግር ይዞ ቀስ እያለ ያሽከረክረዋል። ሮስቪታ እጆቿን አጥብቃ ያዘች። አንድ ቃል ነበር የቀረው፣ "አልለበስኩም" የምትል አንድ ቃል፤ እሷ ልትናገርለት አልፈለገችም። እሱ እንዲናገራት ፈለገች። በሕይወቷ እንደዚያ የፈለገችው ነገር ትዝ አላላትም።

"እንግዲህ…" አለ አልፎንስ። "ጉሙ… ዛሬ መጥፎ ጉም ነበር ይላሉ…"

ሮስቪታ አልቻለችም።

"አልለበሰውም! ከቤትም አልወጣም። የለበሰው ይህ ሰውዬ ነው" አለች ጣቷን ዘርግታ። "ቡርጊን ሲመታት፣ ዞሮ ሲያያት፣ ጥሏት ሲሄድ በአይኔ አይቻለሁ። እዚያው ላይ መናገር ነበረብኝ። ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት። ሾርባ ሲበላ አገኘሁት።"

"ወይዘሮ ፕላትነር ደንግጣለች" አለ ኤካርት ፈገግ ብሎ ወደ ሩፐርት ዞሮ። "በዚያ ጉም ውስጥ ማንን ከማን ይለያል? እኔ ጠዋቱን ያሳለፍኩት ላይኛው ካፌ ነው፣ ከባለቤቴ ጋር ቸኮላት ስንጠጣ። ጠይቋት።"

ሩፐርት ወደ ጉንዱላ ዞረ። ጉንዱላ ያንን ሳህን አሁንም አልለቀቀችውም ነበር። ባሏን አየችው፤ ረጅም ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሰው።

"ጉንዱላ" አለ ኤካርት።

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበርኩ" አለች። ድምፅዋ በጭንቅ ይሰማል። "ድንች ስልጥ ነበር። ከአልፎንስ ጋር። አልፎንስ ከዚያ በርጩማ አልተነሳም።"

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ እንግዳ ክፍሉ ገባች። ብዙም ሳይቆይ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ተሰማ።

ሩፐርት ማስታወሻ አልያዘም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። "ጌታዬ፣ ከእኔ ጋር ወደ ጣቢያ ይምጡ" ብቻ አለ። ኤካርት ተነሳ። በልማድ እጁን ወደ ቢጫው ጃኬት ሲሰድ ሩፐርት "እሱ ከእኔ ጋር ይሄዳል" አለውና አውርዶ ክንዱ ላይ አደረገው። ኤካርት ዚፑ የተበጠሰውን የራሱን ጃኬት በእጁ ሰብስቦ ይዞ ከሩፐርት ፊት ወጣ። ደፉ ላይ ሲደርስ ዞረና "አልፎንስ፣ ሚስትህን እንኳን ዝም ማሰኘት አቃተህ?" አለው።

አልፎንስ የሾርባ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ጉንዱላ ሻንጣዎቹን መኪናው ላይ ስትጭን ሮስቪታ አገዘቻት። ሁለቱም አልተያዩም። ጉንዱላ መሪውን ከጨበጠች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"እውነት ስለተናገርኩ ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ" አለቻት። "ለብቻው ልትነግሪው ትችይ ነበር። በእኛ ፊት፣ በፖሊስ ፊት እንደዚያ አዋረድሽው። ከእኔ ጋር ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው እኮ፣ ከአንቺ ጋር አይደለም።"

"ፖሊሱ ሳይመጣ ነገርኩት፣ ጉንዱላ። ሰምተሻል። ሰምቶ ምን እንዳለም ሰምተሻል።"

ጉንዱላ ከንፈሯን ነከሰች። "ሰምቻለሁ" አለችና መስኮቱን ዘጋች። መኪናው በረዶውን እየፈጨ ወደ ፖሊስ ጣቢያው አቅጣጫ ወረደ።

ሮስቪታ ስትመለስ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነበር። አልፎንስ ሳህኖቹን ሰብስቦ ያጥባል፤ ቆሞ ሲሠራ ጉልበቱን እያመመው። በሌላ ቀን ቢሆን "ተው፣ ተቀመጥ" ትለው ነበር። ዛሬ ግን አልፋው ሄደች።

"ልናገር ስል ቀደምሽኝ" አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

"ምን ልትናገር?"

አልፎንስ አንድ ሳህን ሁለቴ አጠበ።

"ለቡርጊ ነገ አበባ ይዘን እንሂድ" አለ ከቆየ በኋላ። "ከዚያ ጉልበቴ ከተሻለው… ፀሐይ ነው ይላሉ ነገ። ታችኛዋን ቀላሏን ቁልቁለት አብረን እንንሸራተት። ክረምቱ ገና ረጅም ነው፣ ሮሲ። አሁን እኮ ቤቱ የኛ ብቻ ሆነ።"

ሮስቪታ ወደ እንግዳ ክፍሉ ገባች። እንግዶቹ የተኙበትን አንሶላ ገፈፈች፣ የትራሶቹን ልብስ አወለቀች፣ መስኮቱን ከፍታ የኤካርትን ሽቶ አስወጣች። ከቁም ሣጥኑ ንጹሕ አንሶላ አውጥታ ዘረጋች፤ ሆስፒታል እንደለመደችው ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አጥፋ ወጠረችው። ከዚያ ወደ መኝታ ቤታቸው ሄዳ የራሷን ትራስና ጀምራ ያላለቀችውን መጽሐፍ አመጣች።

አልፎንስ እጁን በፎጣ እያደረቀ በሩ ላይ ቆመ።

"ደግሞ ማን ሊመጣ ነው?" አለ ግራ ተጋብቶ። "ለማን ነው የምታነጥፊው?"

ሮስቪታ ትራሷን በጡጫዋ አፍታታ አልጋው ራስጌ ላይ አስቀመጠችው።

"ለእኔ" አለች።