መገበሪያ ፈጪዋና ኩሬው

አሰገደች የወር አበባዋ ከቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ቦኖሻ ዳር ላለችው ቤተ ክርስቲያን የመገበሪያ፣ የቁርባን ኅብስት የሚጋገርበትን ስንዴ መፍጨት የተሰጣትም በዚያ ምክንያት ነው፤ ደም የምታይ ሴት ያን ስንዴ አትነካማ። ባሏ ሞቶ፣ ልጅም ሳይኖራት፣ ሰው የሚያሰኛት ይኸው ወፍጮ ብቻ ነበር።

የመንግሥት መንደር ምሥረታ መጣና ከኖረችበት ምንጭ አጠገብ ነቅሎ ኩሬ ዳር አሰፈራት። ጎጆዋን አፍርሳ፣ ምሰሶዋን አሸክማ፣ እንደገና ማገር ስታስመታ ከረመች። ያም ሆኖ ንጽሕናዋን አላጓደለችም። ስንዴ በምትፈጭበት ቀን ማልዳ ኩሬው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ትታጠባለች።

አንድ ጠዋት ቀሚሷ ላይ ደም አየች። በማግስቱም እንዲሁ። ረከስኩ ብላ ወፍጮውን ተወችና ጠዋት ማታ ኩሬው ውስጥ ትነከር ጀመር። ደሙ ባሰ። ጎረቤቷ ብርነሽ በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ደም የማህፀን ነቀርሳ ነው አለቻት። አሰገደችን ያስፈራት ግን ከነቀርሳው ይልቅ ወፍጮው ለሌላ ሴት ይሰጣል የሚለው ሐሳብ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቷ ሲከዳት ሆሳዕና ወጥታ ገነቴ የምትባል ነርስ ዘንድ ቀረበች።

ነርሷ አስተኝታ ማህፀኗን በባትሪ አየች። ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ጨመረችና አንድ ነገር በመቆንጠጫ ስባ ሳህን ላይ ጣለች። ጣት የሚያህል፣ ደም ጠጥቶ ያበጠ አልቅት።

«እማማ፣ የት ነው የሚታጠቡት?»

አሰገደች ሳህኑን አየች። አልቅት በከብት አፍንጫ፣ በሰው ጉሮሮ ሲገባ ታውቃለች፤ እዚያም ይገባል ብሎ የነገራት የለም።

«ኩሬ» አለች። «ልንጻ ብዬ።»

ደሙ በሦስተኛው ቀን ቆመ። ነርሷ ጠብታ እንኳ ተመልሶ ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ ብላ አስጠንቅቃ ሸኝታት ነበር፤ አልተመለሰም።

የቤተ ክርስቲያኗ ቄስ መምሬ ወልደ ሰንበት ግን ወሬውን ሰምተው ኖሮ ስንዴውን ለመስጠት አመነቱ። ደም ደም ነው አሉ።

«መምሬ፣ ላምዎ አፍንጫዋ ውስጥ አልቅት ገብቶ ስትደማ ወተቷን ደፉት?» አለቻቸው አሰገደች።

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። አልደፉትም። የስንዴውን ቁና ወደሷ ገፋ አደረጉላት።

ከዚያ ወዲህ ስንዴ በምትፈጭበት ቀን የአንድ ሰዓት መንገድ ተጉዛ ከቀድሞው ምንጭ ትታጠባለች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወደ አሮጌው ሰፈር መመላለስ ክልክል ነው ብሏታል። ክልክል መሆኑን ሰምታለች። ስትመለስ እንስራዋን ታወርድና፣ ወገቧን ይዛ ትንሽ ትቀመጥና፣ ወፍጮው ላይ ትንበረከካለች።