የጓዳው ወይፈን

በዚያ ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ለዘማች ስንቅ ከብት ሲመዘግብ፣ እኔ ሀምዱ ብልጥ ነኝ ብዬ ሁለቱን በሬዎቼን አስመዘገብኩና ወይፈኑን ጓዳ ደበቅኩት። እንደ እኔ ያለ ብልጥ አፈር ይብላ!

ወይፈኑን መዥገር ወሮት ነበር። ባለቤቴ ኡሙሰልማ ከጆሮውና ከጭራው ሥር እየለቀመች እሳት ውስጥ ትጥላለች።

«ሀምዱ፣ ይኼን ከብት አውጣልኝ። መዥገሩ መኝታችን ገባ እኮ» አለችኝ።

«ምዝገባው እስኪያልፍ ታገሺኝ» አልኳት። ታገሠች።

በሳምንቱ ትኩሳት ያዛት፤ ራሷን ይፈልጣት ጀመር። ሻሿን ስፈታላት ከጆሮዋ ኋላ፣ ፀጉሯ ውስጥ፣ ጥቁር ቁስል አየሁ። ምን እንደነከሳት አልጠፋኝም። መልሼ ሸፈንኩት።

በአምስተኛው ቀን ቀኝ እጇ ሲዝልባት ጎረቤት ጠራሁ። በቃሬዛ ኮምቦልቻ አወረድናት፤ ከዚያ በመኪና ደሴ፣ ሆስፒታል። ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ ከአጠገቧ ያልተለየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሰይድ።

ሐኪሙ «ከብት ከምትተኙበት ቤት ያድራል? መዥገር ነክሷት ነበር?» ሲል ሰይድ ራስጌዋ ቆሟል።

«ኧረ የለም፣ ወላሂ! ከብቶቼ በረት ነው የሚያድሩ» አልኩ።

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። ኡሙሰልማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ምላሷ ከብዷታል እንጂ ገና መናገር ትችል ነበር።

«የለም» አለች።

የወባ መድኃኒት ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አፏ ተጣሞ፣ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሎ፣ ንግግሯ ጠፍቶ አገኘኋት። ያን ጊዜ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዤ ሁሉን ዘረገፍኩለት።

«ከመዥገሩ የመጣው በሽታ የአንጎሏን የደም ሥር አቁስሎ ዘግቶታል» አለኝ። በእጁ የቴትራሳይክሊን እንክብል ይዟል። «የዚያን ዕለት ብትነግረኝ፣ ምናልባት በዚህ ብቻ ትድን ነበር።»

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ በወደድኩ።

ትኩሳቱ ለቀቃትና ይዣት ገባሁ። ወይፈኑንም ራሴ ጎትቼ ለሰይድ አስረከብኩት። ሰይድ ከብቱን አየ፤ ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውን ኡሙሰልማን አየ።

«ለዚህ ብለህ ነው?» አለኝ።

ይኸው ሁለት ዓመት። አጎርሳታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አውፍ በይኝ፣ ማሪኝ እላታለሁ፤ በግራ እጇ ፊቴን ትዳብሰኛለች። ቃል ግን የለም። ድምጿ ናፍቆኝ ላስታውሰው ስሞክር የሚመጣልኝ ያ «የለም» ያለችው ነው። እሱም የእኔ ውሸት ነበር።