ማርቆስ ቆርቆሮ ያላት ታንክ

እስቲ መልሱ፤ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ካየው ዓይንና ዓይን ያሳየውን ከተኮሰው እጅ ድሉ ለማን ይገባል? ለእጅ የምትሉ የማርቆስ ወገኖች ናችሁ። ጥሩ፤ እንግዲያው ባለፈው እሁድ አልማዜ ቤት የሆነውን መጀመሪያ ስሙና ከዚያ በኋላ አፋችሁን ክፈቱ።

ኮልፌ አጠና ተራ ካሉት ጌም ቤቶች ሁሉ የአልማዜ ቤት የሚታወቀው በአንድ ሕግ ነው፤ የሞተ ይነሳል። ታንኩ የነደደበት ተጫዋች «ኔትወርኩ ነው» ብሎ መነጫነጭ፣ «የጓደኞቼን መጨረሻ ልይ» ብሎ መለመን አይችልም። ወንበሩን ለቆ ከኋላ ይቆማል፤ ተረኛ ካለ ተረኛው ይቀመጣል። አልማዜ ስለ ታንክ የምታውቀው ነገር የለም። ከአባቷ የወረሰችውን የሸቀጥ ሱቅ ወደ ጌም ቤት የለወጠች ነጋዴ ናት፤ ወንበር ሥራ ፈቶ ከምታይ ቀኑን ሙሉ ብትጾም ትመርጣለች።

ራኬብን የሠራት ይህ ሕግ ነው። ሌሎቹ ከመነሳታቸው በፊት ቶሎ ቶሎ መግደልን ሲለማመዱ እሷ አለመሞትን ተማረች። ሙያዋ ቅየሳ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ በየግንባታው ቦታ በሦስት እግር በቆመ መሣሪያ አጮልቃ አቀበቱንና ቁልቁለቱን ስትለካ ትውላለች። ሰው ሜዳ ብሎ የሚያልፈውን መሬት እሷ ስርጉዱን ታያለች። እሁድ ከሰዓት አልማዜ ቤት ገብታ ያንን የታንክ ውጊያ ስትከፍት ዓይኗን ውጭ ትታ አትገባም።

ወንዶቹ ታንክ ሲመርጡ ብረቱ የወፈረውን፣ አፈሙዙ የረዘመውን ነው። ራኬብ የመረጠችው ፈረንሣዊቷን ቀላል ታንክ ነው፤ ዝቅ ያለች፣ ፈጣን፣ ብረቷ ከመሳሳቱ የተነሳ አንድ ደህና ጥይት የሚበቃት። ካዝናዋ ስድስት ጥይት ይይዛል። ስድስቱን በአንድ ትንፋሽ ታራግፋቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደገና እስክትጎርስ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ከነአሜኑ ይደገማል። በዚያ መሃል ያገኛት ሁሉ ይበላታል። ስለዚህ ዋና ሥራዋ ማየት ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ቀጥ ትላለች፤ እሷ ያየችው ታንክ ለጓደኞቿ ሁሉ ይታያል፣ ከባድ ታንኮቹም ከሩቅ ሆነው ይወቅሩታል። እሷ ራሷ ከተኮሰች ግን ቁጥቋጦው ምስጢር መሆኑ ይቀራል።

ይህን የማይረዳ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሥልጣኑ ሁሉ የተሰጠው ሰው ነው። ማርቆስ የኮልፌን ቡድን ይመርጣል፣ ማይክ ይዞ ጨዋታውን እንደ እግር ኳስ ያስተላልፋል። ድምፁ ያምራል፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። ጭንቅላቱ ግን የሚቆጥረው የነደደ ታንክ ብቻ ነው። የክፍለ ከተሞች ውድድር ሲቃረብ፣ አምስት ወንበር ብቻ ስላለ፣ ብዙ ሰው በሚከታተለው የቤቱ የቴሌግራም ቻናል ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቆርቆሮ ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚያደፍጥ ኮልፌን አይወክልም። እሁድ ከጦር ኃይሎች ሰፈር ልጆች ጋር እንጋጠማለን። ራኬብ በዚያች ቆርቆሮ ካሸነፈች በማይክ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ካላሸነፈች ወንበሯ ለከባድ ታንክ ይሰጣል።»

ራኬብ ይህን ያነበበችው ዘነበወርቅ አካባቢ ሥራ ላይ ሳለች ነው። መሣሪያውን ትታ አሸዋ ክምር ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የጻፈችው መልስ ረጅምና ለአደባባይ የማይሆን ነበር፤ አጠፋችው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። በመጨረሻ የላከችው «እሁድ እንገናኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

እሁድ የጦር ኃይሎች ልጆች በሚኒባስ መጡ። አለቃቸው ጃለታ ወፍራም፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲሳደብ እንኳ የሚወደድ ልጅ ነው። ከራኬብ ትይዩ ተቀምጦ ከኮምፒውተሩ አናት በላይ አያት።

«ራኪ፣ ይቺ ነገር ታንክ ናት ወይስ ባጃጅ?»

«ባጃጅ ቅያሱን ታውቃለች» አለችው። «አንተ ዋናው መንገድ ላይ ተጨናንቀህ ትቀራለህ።»

ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ነው የተቀመጡት። የጆሮ ማዳመጫ የሚባል ነገር አልማዜ ቤት የለም፤ የነበሩት በየተራ እግር አውጥተው ሄደዋል። ስለዚህ ማርቆስ በማይክ የሚለው ሁሉ ለሁሉም ጆሮ ይደርሳል። ሌላም ነገር አለ። ማርቆስ የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን ስክሪን ነው፤ ምስሉ ለቻናሉ ተከታዮች ስለሚተላለፍ ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ ከጨዋታው ወደ ኋላ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሞተው ተጫዋች ተነስቶ ከማርቆስ ኋላ ቆሞ ሳለ፣ ማርቆስ «ወደፊት እየገሰገሰ ነው!» ብሎ ያወድሰዋል። የቤቱ ደንበኛ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ይስቅበታል። ከመሳቅ አልፎ ግን ለነገር የፈለገው አልነበረም።

ውጊያው ሲጀመር ራኬብ እንደ ነፋስ በርራ በጨዋታው ከተማ ከባቡር ጣቢያው አጥር አጠገብ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ከዚያ ሆና የጦር ኃይሎችን ከባድ ታንኮች አንድ በአንድ አሳየች። የኮልፌ ልጆች ተኮሱ፤ ሦስቱ ነደዱ፤ ሦስት እንግዶች ተነስተው ከኋላ ቆሙ። ማርቆስ የተኳሾቹን ስም እየጠራ ጮኸ። የእሷን ስም አልጠራም።

ሙገሳ ያሰክራል። አራቱ የኮልፌ ከባዶች ድሉን ማርቆስ ፊት ለመጨረስ እየተሻሙ፣ ራኬብ «ቆዩ፣ ሁለቱን ገና አላየኋቸውም» እያለች፣ ወጥተው አውራ ጎዳናው ላይ ተሰለፉ። ጃለታና የቀረው ጓደኛው ከሕንፃ ኋላ ሆነው ጠብቀው አንድ በአንድ አነደዷቸው። ከአራቱ የመጨረሻው ሟች ቃለጽድቅ ነበር። እሱም እንደ ሕጉ ተነሳና ከራኬብ ወንበር ኋላ ከሦስቱ ጓደኞቹ ጋር ቆመ። እሷ አንድ ጥይት እንኳ አልተኮሰችም፤ ብቻዋን ለሁለት ቀርታለች።

«ራኬብስ?» አለ ማርቆስ በዚያ በሚያምር ድምፁ። «ራኬብማ እንደ ልማዷ ናት። ጣቢያው አጥር ሥር ያለውን ቁጥቋጦ እዩልኝ፤ ቆርቆሮዋ እዚያ ተወትፋለች።»

«አንተ፣ ቦታዋን ተናገርክ እኮ» አለው ቃለጽድቅ። ማርቆስ ለተመልካች ነው የምናገረው ብሎ ቀጠለ። ጃለታ ከስክሪኑ ቀና አላለም፤ ጆሮውን ግን በምን ይድፈነው? የሁለቱም አፈሙዝ ወደ ቁጥቋጦው ዞረና ቁጥቋጦው ከሥሩ ተነቀለ።

ራኬብ እዚያ አልነበረችም። የጓደኞቿን ጥፋት ስታይ ቀድማ ወጥታለች። ከአጥሩ ማዶ ሆና የሁለቱን ጥይት ባዶ አፈር ሲያርስ አየችና ንዴቷ ድንገት ረጋ። የማርቆስ አፍ ከእሷ ኋላ ኋላ ነው የሚሄደው። አሁን ያለችበትን አይናገርም፤ የነበረችበትን ይናገራል። እነዚያ ደግሞ ያምኑታል።

ጣራው ወደ ፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ነዳች። ከግንቡ ኋላ ሆን ብላ ቆመች፤ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ለመታየት የሚበቃ ያህል ብቻ። ከዚያ ማንም ሜዳ ብሎ በሚያልፈው፣ እሷ ግን ቦይ መሆኑን በምታውቀው ስርጉድ ውስጥ ቁልቁል ወረደች።

«ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ!» አለ ማርቆስ። «ደግሞ ተደበቀች! ይሄ ነው እንግዲህ ኮልፌን የሚወክለው?»

ሁለቱ አፈሙዞች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩ። ራኬብ ከቦዩ ወጥታ የጃለታን ጓደኛ ከጀርባው አገኘችው። ስድስቱንም አራገፈችበት። ልጁ አፉን ከፍቶ ተነሳ።

ካዝናዋ ባዶ ሆነ። ጃለታ አዝጋሚውን አፈሙዙን ወደ ጓደኛው ሬሳ ማዞር ጀመረ፤ እሷ እየበረረች ሕንፃውን ዞረችው። ያቺ ጸሎት እስክታልቅ መትረፍ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ከኋላዋ የቆሙት አራቱ ሟቾች ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ከቦዩ ወጣች!» ብሎ ጮኸ ማርቆስ፤ ግድግዳው ላይ ገና መውጣቷ ነበር። «ጃለታ፣ የቦዩ አፍ ላይ!»

ልብ በሉ፤ አሁን የጠራው የጠላትን አለቃ በስሙ ነው። የኮልፌ መራጭ! ጃለታ ቦዩን በጥይት አነደደው። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘ፤ ማንም የለም።

«የትኛዋን ነው የምትነግረኝ ወንድሜ?» አለ ለራሱ ያህል።

የራኬብ ታንክ ጎረሰች። ከሕንፃው ጥግ ብቅ ስትል የጃለታ ከባድ ብረት ጀርባውን ሰጥቷት ቦዩን ያስሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በኋላ የቆጠረ ሰው የለም። ጃለታ ስክሪኑን ለአፍታ አየ፤ የቤቱን ሕግ አክብሮ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋና ተነሳ። ሄዶ ከማርቆስ አጠገብ ቆመ።

ግድግዳው ላይ የጃለታ ታንክ ገና በጤናው ነበር። «ጃለታ አሁን ያገኛታል!» ይላል ማርቆስ። «ማምለጫ የላትም! አለቀላት!»

ጃለታ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ሞቻለሁ።»

የቤቱ ጣራ በሳቅ ሊነሳ ምንም አልቀረው። የጦር ኃይሎች ልጆች ሳይቀሩ ተንበርክከው ሳቁ፤ ቃለጽድቅ ራኬብን ከነወንበሯ አንስቶ ሊያዞራት ሞከረ። አልማዜ ጫጫታው ምን እንደሆነ ለማየት ከባንኮኒዋ ብቅ አለች። ሁሉም ቆሟል። የተቀመጠች አንዲት ሰው ብቻ ናት።

«ራኬብዬ ብቻ አልተነሳችም» አለች። «እንግዲህ ማን እንዳሸነፈ ደግሞ ልትነግሩኝ ነው?»

ይህን ከመሰለ ፍርድ በኋላ ሰው የሆነ ሰው ቃሉን ያከብር ነበር። ማርቆስ ግን ፈገግ አለና ጥሩ ጨዋታ እንደነበረ፣ ኔትወርኩ ትንሽ እንዳስቸገረ፣ የወንበሩን ጉዳይ በኋላ ከራኬብ ጋር በግል እንደሚነጋገርበት ተናገረ። ማይኩንም ሊያጠፋ ጣቱን ሰደደ።

ራኬብ ያን ጊዜ ተነሳች፤ ሳትሞት። ልቧ በኩራት ሞልቶ እግሯ መሬት አልነካ ብሎ ነበር፤ «በግል» የሚለው ቃል ግን እንደ ጥፊ መሬት መለሳት። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ማይኩን ከእጁ ስትወስድ አልታገላትም።

«በግል አልሰደብከኝም፣ ማርቆስ» አለች። ድምፅዋ ከክፍሉ አልፎ ጎዳና ላይ ወጣ። «ቆርቆሮ ያልከኝ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቻናል ነው። ቦታዬን ለጠላት የጠቆምከው በዚህ ማይክ ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ ያልከውም በአደባባይ ነው። ቆርቆሮዋ ይኸው፣ አንድ ጭረት የላትም። አሁን አንተ ንገረኝ፤ አምስተኛው ወንበር የማን ነው?»

ማይኩን መልሳ ከአፉ ፊት ያዘችለት። የማይኩ ቀይ መብራት እንደበራ ነው።

«በኋላ የለም። ኮልፌም ጦር ኃይሎችም እየሰሙ፣ እዚሁ መልስልኝ።»