የቴዎፍሎስ አልጋ

"ግራ እግሩን ይዩልኝ፣ አሰልጣኝ! ኳሷን እኮ አያያትም!" ቴዎፍሎስ ሜዳው ዳር በምርኩዙ ተደግፎ ይጮኻል።

አሰልጣኙ መልካሙ እያየ ነበር። አብዱሰመድ የተባለው የፍኖተ ሰላም ልጅ ሁለት ተከላካዮችን አልፎ ኳሷን መረብ በሌለው ጎል ውስጥ ሲያስገባት፣ ቡሬ ያለው ኮሌጃቸው ዓመቱን ሙሉ ያጣውን አጥቂ እንዳገኘ ገባው። ደስ አለው። ወዲያው ግን ደስታው ጎመዘዘው።

ኮሌጁ ለተጫዋች ደመወዝ አይከፍልም። የሚሰጠው ነጻ ትምህርት፣ ምግብና አልጋ ነው፤ እሱም በቁጥር። ዲኑ ትናንት ቁርጡን ነግሮታል፦ "አዲስ ልጅ ካመጣህ አሮጌውን ታስወጣለህ። በጀቱ ይኸው ነው።" ቡድኑ ውስጥ መጫወት የማይችለው ደግሞ አምና ለኮሌጁ ሲጫወት እግሩ ከጉልበቱ ላይ የተሰበረው ቴዎፍሎስ ብቻ ነው። የመመልመያ አበል ስለሌለ የትውልድ ከተማውን የፍኖተ ሰላምን ሜዳዎች በዚያው እግሩ አስሶ ይህን አጥቂ ያገኘውም እሱ ነው። ምክትል አሰልጣኝ የሚያደርጉት መስሎታል። መልካሙም እንዲመስለው ትቶታል።

ያስቸገረችው የአብዱሰመድ እናት ናዚፋ ነበረች። የበርበሬ ሱቋ በር ላይ ቆማ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ፣ "አይሆንም" አለች። "ልጄ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። በዚህ ክፉ ጊዜ ቡሬ ማን አለውና? ቢታመምስ ማን ያየዋል?"

መልካሙ በበርበሬው እያስነጠሰ ስለ ዲፕሎማ ማውራት ጀመረ። አልሰማችውም። ይሄኔ ቴዎፍሎስ ጣልቃ ገባ።

"እትዬ ናዚፋ፣ እኔ አለሁ አይደል? አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ቢታመም አስታምመዋለሁ። እኔ ለኪዳን ጸሎት ስነሳ እሱን ለሱብሂ ሶላት እቀሰቅሰዋለሁ።"

ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወደ መልካሙ ዞረች። "አንቱ፣ ይህ ልጅ የሚለው እውነት ነው? አብረው ነው የሚኖሩት?"

"እውነት ነው፣ እትዬ።" እንዲህ በቀላሉ መዋሸት መቻሉ ራሱንም ገረመው።

"እንግዲያውስ ለአላህ፣ ቀጥሎም ለዚህ ልጅ አደራ ሰጥቻለሁ" አለችና ቴዎፍሎስን ግንባሩን ሳመችው።

መናኸሪያው ውስጥ የቡሬው ሚኒባስ ሊሞላ ተቃርቧል። አብዱሰመድ ቦርሳውን አስጭኖ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ቴዎፍሎስ ሊሳፈር አንድ እግሩን ሲያነሳ መልካሙ እጅጌውን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው።

"አንተ ቤተሰብህ ዘንድ ትንሽ ቆይ። ጉልበትህን አሳርፍ። እደውልልሃለሁ።"

"አረፍኩ እኮ፣ አሰልጣኝ። ይልቅ ልጁን ወስጄ ክፍሉን ላሳየው።"

"የክፍሉን ቁልፍ ስጠኝ።"

ቴዎፍሎስ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የመልካሙን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ተወው።

"ስንት አዲስ አልጋ ነው የሰጡዎት?"

"አንድም።"

"ቡሬ! ቡሬ! አንድ ሰው የቀረው!" ረዳቱ በሩን እየደበደበ ይጣራል። አብዱሰመድ ምኑም ሳይገባው በመስኮቱ ወደ ቴዎፍሎስ እጁን ያውለበልባል፤ ግባ እንጂ ማለቱ ነው።

"ለእናቱ የነገርኳቸውስ?" አለ ቴዎፍሎስ ቀስ ብሎ።

መልካሙ አፈረ። ማፈሩ ደግሞ አናደደው።

"የነገርካቸው አንተ ነህ" አለና መዳፉን ዘረጋ።