አለሁ ያለው ድምፅ

በቦዩ ላይ ስም የሚጠራው በዓመት አንድ ቀን ነው። የቦዩ ጠረጋ አልቆ፣ ውሃውን ወደ ቦዩ የሚያስገባው የወንዙ በር ሊከፈት ሲል የውሃ አባቱ ዶን ኦኖፍሬ መዝጊያው ላይ ይቆሙና ከላይኛው ማሳ ጀምረው እስከ ታችኛው በመሬቱ ተራ ይጠራሉ። የተጠራው ሁሉ «አለሁ» ይላል። አንድ ሰው ከጎደለ ውሃ አይለቀቅም፤ ጎንበስ ብሎ እየቆፈረ ቦዩ ውስጥ የቀረ ቢኖርስ? ሕጉን ያወጡት የአያቶቻቸው አያቶች ናቸው። መቼም ያለ ምክንያት አላወጡትም። ሰው ግን ምክንያቱን ሲረሳ ሕጉን መቀለጃ ያደርገዋል።

ቀልዱ እንዲህ ነበር። ከምሳ በኋላ አንዱ ወይኑን ጠጣ አድርጎ ሹልክ ይልና ከአኻያው ስር ጋደም ይላል። ስሙ ሲጠራ ጓደኛው ድምፁን አስመስሎ «አለሁ» ይልለታል። ወንዶቹ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ፤ ዶን ኦኖፍሬም ዓይናቸው ከወረቀቱ ላይ ስለማይነሳ ምልክት አድርገው ያልፋሉ። ሴቶቹ ይህን አያውቁም ነበር። በጠረጋው ቀን የሚመጡት ዳቦና ባቄላ ይዘው ነው፤ የወንዶቹን ተንኮል ማን ይነግራቸዋል?

በዚህ ተንኮል ካሲሚሮንና ኤሊሴዮን የሚያህላቸው አልነበረም። ማሳቸው ኩታ ገጠም፣ ስማቸው ተከታታይ፤ ካሲሚሮ የኤሊሴዮን ልጅ ክርስትና አንስቷል፣ አበልጆች ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱ ለሌላው ሲመልስ ኖሯል። ካሲሚሮ ድምፀ ወፍራም ነው፤ «አለ…ሁ» ሲል መሐሉን ይጎትተዋል፣ ከእንቅልፉ ያስነሱት ይመስል። ኤሊሴዮ ይህን ድምፅ ከገዛ ድምፁ ባልተናነሰ ያውቀዋል። የካሲሚሮ ሚስት ዴልፊና እንኳ አትለየውም።

አልለየችውምም።

ያለፈው ዓመት ጠረጋ ላይ ከመኪና መንገዱ ስር የሚያልፈው ቱቦ ለኤሊሴዮ ደርሶት ነበር። ዶን ኦኖፍሬ በመለኪያ እንጨታቸው እየሰፈሩ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ሲሰጡ ቱቦው የደረሰው ሰው ዕድሉን ይረግማል፤ በደረት ተስቦ የሚገባበት፣ ጭቃና ቅርንጫፍ የተጠቀጠቀበት ጉድ ነው። ኤሊሴዮ ወገቡን አመመኝ ብሎ ከአፉ አካባቢ ጥቂት ዛቀና ተወው።

«ይሄ ጠረጋ ነው ወይስ ማበስ?» አለው ካሲሚሮ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ እያየ። «ሚስትህ ድስት እንዲህ ብታጥብ ትፈታታለህ።»

«እስኪ አንተ ግባና አሳየኝ።»

«እገባለሁ! አንተ ሽማግሌ፣ ሂድ ብላ።»

ለኤሊሴዮ ቀልድ መሰለው። ከምሳ በኋላ ካሲሚሮን ሲያጣው እንደ ልማዱ ሊያንቀላፋ የሄደ መሰለው። ሁሉም ወደ ወንዙ በር ወጡ፤ ከቱቦው እስከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ዶን ኦኖፍሬ «ካሲሚሮ!» አሉ። ኤሊሴዮ ከኋላ ከአንድ የቆመ መኪና አጠገብ ሆኖ አገጩን ወደ አንገቱ ሳብ አደረገና «አለ…ሁ» አለ። ዴልፊና ዳቦ እየቆረሰች ነበር። የባሏን ድምፅ ሰምታ ሳቀች።

ከዚያ በሩ ተከፈተ።

ካሲሚሮን ያገኙት ውሃው ቱቦው ላይ ታግዶ መንገዱን ሲያጥለቀልቅ ነው። አካፋው በእጁ ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ኤሊሴዮ በዚያ ሳምንት ትንሹን ጥፋት አምኖ ትልቁን ሸሸገ። «ድርሻው የኔ ነበር፣ ሳልጨርሰው ወጣሁ፣ እሱ ሊጨርስልኝ ነው የገባው» ብሎ በሰው ፊት አለቀሰ። ሰው አቅፎ አጽናናው። «አለሁ» ያለው ማን እንደሆነ ግን አንድም ወንድ አልጠየቀም። እንዴት ይጠይቃል? እያንዳንዱ በዕድሜው ለአንድ ሰው መልሷል። መሬት መሬት እያየ አንዱ «ድምፁ እኮ የራሱ የካሲሚሮ ነው» አለ፤ ሌላው «ደረቅ ቦይ ድምፅ አርቆ ይወስዳል፤ ከቱቦው ውስጥ ሆኖ የተጣራው ደርሶን ይሆናል» አለ። ይህ ወሬ ለሁሉም ተስማማ። ወዲያው እውነት ሆነ።

ለዴልፊና ምን እንደሆነባት ያሰበ የለም። ለእሷ ወሬው ማለት ባሏ ከጨለማ ውስጥ ሆኖ «እዚህ ነኝ» ብሎ ሲጣራ እሷ ዳቦ እየቆረሰች ሳቀች ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከቱቦው አፍ ላይ ተቀምጣ ወደ ውስጥ ትጣራለች፣ ታዳምጣለች። በረዶ ሲጥል ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው። ቄሱ መጡ፣ ጸለዩ፣ ጠበል ረጩ፤ አመስግና ሸኘቻቸውና ተመልሳ ተቀመጠች። ከሰውነት ተራ ወጣች፤ ጉንጯ ገባ፣ ቀሚሷ ሰፋ። ኤሊሴዮን ደግሞ በቤቱ ያ ድምፅ አልለቅ አለው። ጉሮሮውን ሲጠርግ የካሲሚሮ ድምፅ ይወጣል። ሚስቱ ከጓሮ ሆና «የት ነህ?» ስትለው ወደ እሷ ይሄዳል እንጂ «አለሁ» አይልም። አንድ ቀን ፈረሱን ሲጠራ የወጣው ድምፅ የሟቹ ነበር። ፈረሱ ጆሮውን ቀስሮ ከኤሊሴዮ ጀርባ ያለውን አየ። ኤሊሴዮ ዞሮ አላየም፤ ፈራ።

ይኸው ጸደይ መጣ። ተራራው ላይ በረዶው ስስ ነው፣ ወንዙም ቀጥኗል። ዶን ኦኖፍሬ ይህን ወንዝ በማስጠበቅ ነው ያረጁት። ከታች ከተማ ውሃውን ለመግዛት የመጡ ሰዎችን በፍርድ ቤት ስድስት ዓመት ተሟግተው መልሰዋል። ከታችኛው መንደር ጋር ተማምለው እሁድ በሩ እንዲዘጋ፣ ውሃው በሙሉ ለወንዙና ለዓሣው እንዲሆን ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ያልተጠቀሙበት ውሃ ደግሞ በሕግ ይወሰዳል፤ ቦዩ አንድ ዓመት ደርቆ ቢከርም ያ ክርክር እንደገና ይነሳል። ሁሉም ድርሻውን ጠረገ። የቀረው ቱቦው ብቻ ነው። ዴልፊና የካሲሚሮን አካፋ ይዛ አፉ ላይ ቆማለች።

«ማንም አይገባም» አለች።

ሰዎቹ ኤሊሴዮን ገፋፉት። አበልጇ አይደለህም ወይ አሉት። ሄደና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ደህና አደርሽ አበልጄ?»

«ቀስ ብለህ አውራ። ቢጣራ አልሰማውም።»

«ታች የቶቢያስ የፖም ዛፎች አብበዋል። ውሃው ታች ላሉት ካልደረሰ…»

«ቶቢያስ ትላንት መጥቶ ለምኖኛል። ቂጣ እንኳ አምጥቶልኛል፤ እሱ ንፉግ!» አለችና ፈገግ ልትል ሞከረች። «ኤሊሴዮ፣ እኔ ክፉ ሴት ነኝ?»

«ኧረ በእመቤታችን!»

«አለሁ ብሎኝ ነበር እኮ። ጠራኝ። እኔ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሲጠራኝ ‹ሰምቻለሁ› ልለው ነው የምፈልገው። ይህቺን አንዲት ቃል ብቻ። ከዚያ በኋላ ውሃውን ልቀቁት፣ ከፈለጋችሁ በእኔም ላይ ልቀቁት።»

ኤሊሴዮ ጭቃውን በጣቱ ጫረ።

«ለዶን ኦኖፍሬ ነግሬያቸዋለሁ» አለች። «የሟች ስም በመጀመሪያው ጸደይ ሦስቴ ተጠርቶ ነው የሚሰረዘው። ያኔ ከተሰማበት ከበሩ ላይ ሆነው ይጥሩት፤ እኔም እመጣለሁ። ዝም ካለ ቱቦውን ጥረጉት።»

«ዝም ካለ ትረጋጊያለሽ ማለት ነው?»

ቀና ብላ አየችው። «ዝም ካለማ ተቀይሞኛል። ከእንግዲህ አይጠራኝም ማለት ነው። ምኔ ይረጋጋል?»

ወደ ወንዙ በር ሲወጡ ሰዎቹ ከጠረጋው ቀን ይልቅ ለቀብር የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ቶቢያስ ግን ከኤሊሴዮ ጎን ሆኖ «ጎሽ፣ አግባባሃት» አለው በሹክሹክታ። «የሞተ ሰው አይመልስ፤ ውሃችንን ልናገኝ ነው።» ኤሊሴዮም ይህንኑ እያሰበ ነበር። ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ዝም ማለት ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ዝም ቢል ኖሮ ካሲሚሮ ዛሬ በሕይወት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ዝም ቢል ሁሉም ሰው ያመሰግነዋል።

ዶን ኦኖፍሬ መዝጊያው ላይ ወጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከካሲሚሮ በላይ ያሉትን አራቱን ጠሩ፣ አራቱም መለሱ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፉት፤ ዘንድሮ ዓይናቸው ከሰው ላይ አልተነሳም።

«ካሲሚሮ!»

ወንዙ ብቻ ተሰማ። ዴልፊና አካፋውን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ወደ ደረቁ ቦይ አዙራለች።

«ካሲሚሮ!»

ዴልፊና ባሏን ይቅር በለኝ የምትል ትመስል ነበር፤ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ጆሮዋን ሰጥታ። ኤሊሴዮ እያያት ልቡ ተሰበረ። ይህቺ ሴት በሠርጓ ቀን የደነሰችውን ያስታውሳል፤ ልጁን ከክርስትና ስታመጣለት ያስታውሳል። አሁን በእሱ ውሸት ፊት እንደ ለማኝ ቆማለች።

«ካሲሚሮ!» አሉ ዶን ኦኖፍሬ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ድምፃቸው ተሰንጥቆ።

ኤሊሴዮ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። ሁሉም እንዲያየው አገጩን ወደ አንገቱ ሳበ።

«አለ…ሁ።»

አንድ ሰው አካፋ ጣለ። ቶቢያስ አማተበ። ዴልፊና ከቦዩ ላይ ፊቷን አዞረችና የኤሊሴዮን አፍ አየች።

«ድገመው» አለች።

«አበልጄ፣ እኔ ነኝ። ያኔም እኔ ነበርሁ። እንደ ልማዳችን የሚያንቀላፋ መስሎኝ…»

«ድገመው አልሁህ!»

ደገመው። ዓይኗን ጨፈነች፤ ለአንድ ጊዜ ፊቷ ላይ ያለው መጨማደድ ሁሉ ለቀቀ።

«እንደገና።»

ሦስተኛው ላይ ድምፁ ከዳው፤ የወጣው የራሱ ቀጭን ድምፅ ነበር። ዴልፊና ዓይኗን ገለጠች።

«እንግዲያው አልጠራኝም» አለች።

«አልጠራሽም። ይቅር በይኝ፣ አልጠራሽም።»

«ዓመት ሙሉ…» አለችና ተወችው። ወደ ዶን ኦኖፍሬ ዞረች። «ሰርዙት፣ ዶን ኦኖፍሬ።» ሽማግሌው ወረቀቱን ዘርግተው ስሙን ሰረዙት። ከዚያ የካሲሚሮን አካፋ አምጥታ ኤሊሴዮ እግር ስር ጣለችው። «ቱቦው ድርሻህ ነው። አልጨረስኸውም።»

ማንም አልተከተላቸውም። እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ፣ ደረቁን ቦይ ይዘው ወረዱ። ቱቦው አፍ ላይ ሲደርሱ እሷ መንገዱ ላይ ወጣች፤ ከዚያ ሆና ‹አለቀ› ለማለት ነጠላ ጨርቋን ብታውለበልብ ከበሩ ያሉት ያዩታል፣ ውሃውም ይለቀቃል። ኤሊሴዮ ይህን ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ገባ።

ውስጡ ይሸታል። በደረቱ እየተሳበ ቅርንጫፉን እየመዘዘ ወደ ኋላው ገፋ። መሐል ሲደርስ ብርሃኑ ከፊትም ከኋላም አነሰ። ካሲሚሮ የተገኘው እዚህ ነው። እጁ ለስላሳ ነገር ሲነካ ጮኸ፤ ጨርቅ ነበር፣ ጓንት። የማን እንደሆነ ያውቃል። ጓንቱን ይዞ ተኛ። ደረቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የራሱን ትንፋሽ ሲሰማ አብሮት የሚተነፍስ ሌላ ሰው ያለ መሰለው። ከላይ በኩል የሆነ ነገር ሿ የሚል መሰለው፤ ንፋስ ይሁን ውሃ አልለየውም። ይምጣ፣ አለ በልቡ። ይገባኛል።

«ኤሊሴዮ!»

ከቱቦው አፍ ነው። የብርሃኑን ክብ ጥላዋ ሸፍኖታል።

«ኤሊሴዮ! አለህ?»

ዝም ማለት ይችል ነበር። ጨርቁን ታውለበልባለች፣ ሁሉም ያልቃል። ግን ድምፅዋ ዓመቱን ሙሉ ወደዚህ ጨለማ የተጣራችበት ድምፅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የመለሰላት የለም።

«አለሁ» አለ። በገዛ ድምፁ ነው፣ በዚያው በቀጭኑ።

ከዚያ ጥላዋ ዝቅ አለ፤ ተንበርክካ ነው፣ ፊቷን ወደ ቱቦው አስገብታ።

«ሰምቻለሁ» አለች።